ምርጫ ሳይካሄድ የሥራ ዘመን ሲያልቅ፦ የ2012ቱ የሕገ መንግሥት ትርጓሜ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ

በ2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አንድ ጥያቄ ከሕግ ትምህርት ቤት ወጥቶ በየቤቱ መነጋገሪያ ሆነ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተመረጠበት 5 ዓመት መስከረም 2013 መጨረሻ ላይ ያልቃል። ምርጫው በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በወቅቱ ሊካሄድ አልቻለም። ታዲያ ከመስከረም በኋላ ማን ያስተዳድራል? በየትኛው አንቀጽ?

ጉዳዩ ሊመዘገብ የሚገባው የአንድ ሕገ መንግሥት አካላት እንዴት እንደሚገጣጠሙና መገጣጠሚያው ሲጎድል ምን እንደሚሆን በግልጽ ስለሚያሳይ ነው። ብዙ ሰው ሕገ መንግሥትን የመብቶች ዝርዝር አድርጎ ያስበዋል። መብቶቹ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ሆኖም ሰነዱ ሌላ ሥራም አለው፤ ሥልጣን ከማን ይመነጫል፣ ለማን ይሰጣል፣ እስከ መቼ ይቆያል፣ ሲያልቅስ እንዴት ይተላለፋል የሚለውን አስቀድሞ መወሰን። በ2012 የተፈተነው ይኸኛው ሥራው ነበር።

በጽሑፉ የማንም ግለሰብ ስም አልተጠቀሰም። የሚታዩት ተቋማትና አንቀጾች ናቸው።

መነሻ፦ የሰነዱ አወቃቀር

የኢፌዲሪ ሕገ መንግሥት ኅዳር 29 ቀን 1987 ጸደቀ፤ ሥራ ላይ የዋለው ነሐሴ 15 ቀን 1987 ነው። ከመግቢያው ቀጥሎ 11 ምዕራፎችና 106 አንቀጾች አሉት። መግቢያው «እኛ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች» ብሎ ይጀምራል፤ ሰነዱን ማን እንደደነገገው የሚናገረው ይህ ነው። የመጨረሻው አንቀጽ 106 ደግሞ የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ እንደሆነ ይደነግጋል። ስለዚህ ከዚህ በታች የተጠቀሱትን አንቀጾች ማንኛውም አንባቢ ከዋናው ጽሑፍ ጋር ማመሳከር ይችላል፤ ቢያደርገውም ጥሩ ነው።

ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልጉት ድንጋጌዎች በአራት ቦታ ተበታትነው ይገኛሉ።

የመጀመሪያዎቹ በምዕራፍ 2 ያሉት መሠረታዊ መርሆዎች ናቸው። አንቀጽ 8 ሉዓላዊነት የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች መሆኑን ይናገራል፤ የሚገለጸውም በሚመርጧቸው ተወካዮችና በቀጥታ በሚያደርጉት ተሳትፎ ነው። አንቀጽ 9 ሕገ መንግሥቱ የበላይ ሕግ መሆኑን ከደነገገ በኋላ በንዑስ አንቀጽ 3 በሕገ መንግሥቱ ከተደነገገው ውጭ የመንግሥት ሥልጣን መያዝን ይከለክላል። በ2012 ክርክር የዘመኑን መራዘም የደገፈውም የተቃወመውም ወገን ይህችን ንዑስ አንቀጽ ጠቅሷል።

ሁለተኛው ቦታ ምዕራፍ 6 ነው። አንቀጽ 54(1) የምክር ቤቱ አባላት በየ5 ዓመቱ እንደሚመረጡ ያዝዛል። አንቀጽ 58(3) የምክር ቤቱን ዘመን 5 ዓመት ያደርግና ዘመኑ ከማብቃቱ ከ1 ወር በፊት አዲስ ምርጫ ተካሂዶ እንዲጠናቀቅ ያስገድዳል። አንቀጽ 60 ምክር ቤቱ ከዘመኑ በፊት ስለሚበተንበት ሁኔታ ይናገራል። አንቀጽ 62 ደግሞ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ይሰጣል። በምዕራፍ 8 ያለው አንቀጽ 72(3) የጠቅላይ ሚኒስትሩን ዘመን ከምክር ቤቱ ዘመን ጋር ያስረዋል። ሰንሰለቱ እንግዲህ ይህ ነው፦ የምክር ቤቱ ዘመን ካለቀ የሥራ አስፈጻሚውም ዘመን አብሮ ያልቃል።

ሦስተኛው ቦታ ምዕራፍ 9፣ አንቀጽ 82 እስከ 84 ነው። የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ 11 አባላት አሉት። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሰብሳቢ፣ ምክትሉ ምክትል ሰብሳቢ ናቸው። 6 የሕግ ባለሙያዎች በተወካዮች ምክር ቤት አቅራቢነት በርዕሰ ብሔሩ ይሾማሉ። 3 ሰዎች ከፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት ይወከላሉ። ጉባኤው አጥንቶ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው የፌዴሬሽን ምክር ቤቱ ነው፣ ያውም ሐሳቡ በደረሰው በ30 ቀናት ውስጥ።

አራተኛው ቦታ ምዕራፍ 11፣ ልዩ ልዩ ድንጋጌዎች የሚባለው ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅን የሚመለከተው አንቀጽ 93 እና የማሻሻያ ሥርዓቱን የያዙት አንቀጽ 104 እና 105 እዚያ ይገኛሉ።

ችግሩ፦ የማይተዋወቁ ሁለት አንቀጾች

አንቀጽ 58 በአእምሮው የያዘው መደበኛውን ጊዜ ነው። አንቀጽ 93 የያዘው የአደጋውን ጊዜ ነው። የውጭ ወረራ፣ ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን አደጋ ላይ የሚጥል ሁኔታ፣ የተፈጥሮ አደጋ ወይም የሕዝብን ጤንነት የሚያሰጋ በሽታ ሲከሰት የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዋጁን ያውጃል። ተወካዮች ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ከሆነ አዋጁ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀናት ውስጥ ይቀርብለታል። ለማጽደቅ የአባላቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። የጸደቀ አዋጅ እስከ 6 ወር ይቆያል፤ ከዚያ በየ4 ወሩ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊታደስ ይችላል።

አንቀጽ 93 ወረርሽኝን በስም ይጠራል። ወረርሽኙ የምርጫ ቀን ላይ ቢወድቅስ? አንዲት ቃል የለም። አንቀጽ 58ም በበኩሉ አንቀጽ 93ን አያነሳም። የሁለቱ አንቀጾች ርቀት አምስት ምዕራፍ ነው። እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ሲነበቡ ጉድለት አይታይባቸውም። ጉድለቱ ያለው በመካከላቸው ነው፤ ሕገ መንግሥት በሚረቀቅበት ጊዜ በቀላሉ የሚታለፈውም እንዲህ ያለው ጉድለት ነው፤ እያንዳንዱ ምዕራፍ ለብቻው ተወያይቶበት ስለሚጸድቅ ምዕራፎቹ ሲጋጩ የሚያይ ዓይን አይኖርም።

የቀን ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነበር። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ተገኘ። ምርጫ ቦርድ ነሐሴ 23 ይካሄዳል የተባለውን ምርጫ በተያዘለት ጊዜ ማካሄድ እንደማይችል መጋቢት 22 አሳወቀ። የመራጮች ምዝገባ፣ የአስፈጻሚዎች ሥልጠናና የቁሳቁስ ሥርጭት ሰው ከሰው የሚያገናኙ ሥራዎች ስለሆኑ ቦርዱ ያቀረበው ምክንያት ቴክኒካዊ ነበር፤ አሳማኝም ነበር። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 3/2012 ለ5 ወራት ታወጀ። ሚያዝያ 22 ተወካዮች ምክር ቤቱ የቦርዱን ውሳኔ ተቀበለ።

እዚህ ላይ ስሌቱን ማየት ይጠቅማል። አዋጁ የሚያበቃው ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ነው። የምክር ቤቱ ዘመን የሚያልቀው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ «በአስቸኳይ ጊዜ ውስጥ ስላለን ዘመኑ ይራዘማል» የሚለው ክርክር ራሱ አዋጁ መታደሱን ይፈልግ ነበር። የማደሱ ሥልጣን ደግሞ ዘመኑ ሊያልቅ የተቃረበው የዚያው ምክር ቤት ነው።

የቀረቡት አማራጮች

መንግሥት አራት መንገዶችን ለውይይት አቀረበ። እያንዳንዱ መንገድ የሕገ መንግሥቱን አንድ ክፍል ስለሚፈትን ዘርዘር አድርጎ ማየት ይገባል።

ምክር ቤቱን መበተን። በአንቀጽ 60 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ በምክር ቤቱ ፈቃድ ምክር ቤቱ ከዘመኑ በፊት እንዲበተን ማድረግ ይችላል። ከዚያ በ6 ወር ውስጥ ምርጫ ይካሄዳል። መስከረም ላይ ቢበተን እስከ መጋቢት 2013 ጊዜ ይገኛል ማለት ነው። እንቅፋቱ በዚያው አንቀጽ መጨረሻ ላይ ነው። ምክር ቤቱ ከተበተነ በኋላ የሚቆየው መንግሥት የዕለት ተዕለት ሥራ ከማከናወንና ምርጫ ከማዘጋጀት በቀር አዲስ አዋጅ፣ ደንብና ድንጋጌ ማውጣት ወይም ነባር ሕግ መሻርና ማሻሻል አይችልም። ወረርሽኙ ቢበረታ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን የሚያጸድቀው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከየት ይመጣል? ሌላም ጥያቄ ነበረ። አንቀጽ 60 ምርጫን ለማቅረብ የተበጀ መሣሪያ ነው፤ ምርጫን ለማራቅ መጠቀሙ የተሠራበትን ዓላማ ይገለብጣል። ከ6 ወር በኋላስ ወረርሽኙ ባያበቃ?

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅን መጠቀም። አንቀጽ 93 በአዋጁ ጊዜ መሠረታዊ የፖለቲካና የዴሞክራሲ መብቶችን እስከማገድ የሚደርስ ሥልጣን ይሰጣል። ሊታገዱ የማይችሉትንም ይዘረዝራል፦ አንቀጽ 1፣ 18፣ 25 እና 39(1) እና (2)። አንቀጽ 54 እና 58 በዝርዝሩ የሉም። ደጋፊዎች «ስለዚህ ይታገዳሉ» አሉ። ተቃዋሚዎች ደግሞ እነዚህ አንቀጾች የመብት ድንጋጌዎች ስላልሆኑ፣ የመንግሥት አወቃቀር ድንጋጌዎች በመሆናቸው፣ የእገዳ ዝርዝሩ ከመጀመሪያውም አይመለከታቸውም አሉ። በሕገ መንግሥቱ አነጋገር ሁለተኛው ክርክር ይበልጥ የጠነከረ ይመስላል።

ማሻሻል። አንቀጽ 58 ከምዕራፍ 3 ውጭ ስለሆነ የሚሻሻለው በአንቀጽ 105(2) ነው። ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው በየራሳቸው አብላጫ ድምፅ መቀበል አለባቸው። በወቅቱ ክልሎቹ 9 ስለነበሩ የ6ቱ ስምምነት ያስፈልግ ነበር። አንቀጽ 104 ደግሞ ሐሳቡ አስቀድሞ ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ይጠይቃል። መሰብሰብ በተከለከለበት ጊዜ የሕዝብ ውይይት ማካሄድ ከባድ ነው፤ ያም ሆኖ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በጽሑፍ አስተያየት የማይሞከር አልነበረም።

የሕገ መንግሥት ትርጓሜ። የተመረጠው ይህ ነው።

ከእነዚህ ውጭ የተወሰኑ ተፎካካሪ ፓርቲዎች በድርድር የሚቋቋም የሽግግር ወይም የባለአደራ መንግሥት ሐሳብ አቀረቡ። የፖለቲካ መግባባት ሊፈጥር ይችል ነበር፤ በሰነዱ ውስጥ ግን መሠረት አልነበረውም። አንቀጽ 9(3) ተመልሶ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

የተወሰዱት እርምጃዎች

ሚያዝያ 27 ተወካዮች ምክር ቤቱ የትርጓሜውን መንገድ መረጠ፤ 25 አባላት ተቃወሙ። ጥያቄው በአንቀጽ 54(1)፣ 58(3) እና 93 ላይ ያተኮረ ነበር፦ በአስቸኳይ ጊዜ ምክንያት ምርጫ ሳይካሄድ ዘመን ቢያልቅ የምክር ቤቶችና የአስፈጻሚው ዕጣ ምን ይሆናል፣ ምርጫውስ ከዚያ በኋላ መቼ ይካሄዳል?

አጣሪ ጉባኤው መጀመሪያ የራሱን ሥልጣን መመርመር ነበረበት። አንቀጽ 83 የሚናገረው የሕገ መንግሥት ክርክር ሲነሳ ስለሚሆነው ነው። እዚህ ግን ከሳሽና ተከሳሽ የለም። የቀረበው ምክር የመጠየቅ ያህል ነው። ለዚህ የተሰጠው መልስ ሁለት መሠረት ነበረው። አንቀጽ 62(1) የመተርጎም ሥልጣንን ከክርክር ጋር ሳያያይዝ ይሰጣል፤ የጉባኤው ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 798/2005 ደግሞ ከምክር ቤት አባላት አንድ ሦስተኛ ወይም ከዚያ በላይ በሆኑት እንዲሁም በአስፈጻሚ አካላት ጥያቄ ሲቀርብ ትርጓሜ መስጠት እንዲቻል በር ይከፍታል።

ቀጥሎ ጉባኤው ባለሙያዎች በጽሑፍ አስተያየት እንዲያቀርቡ ጋበዘ። ግንቦት 8፣ 10 እና 12 የሕገ መንግሥት ምሁራንና በረቂቁ ሥራ የተሳተፉ ሰዎች ቀርበው ሐሳባቸውን በቃል አስረዱ። ውይይቱ በቴሌቪዥን በቀጥታ ተላለፈ።

ሰኔ 1 የፌዴሬሽን ምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሰኔ 3 ምክር ቤቱ ውሳኔውን በ114 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተዓቅቦ አሳለፈ። የውሳኔው ፍሬ ነገር ሁለት ነው። ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች፣ የክልል ምክር ቤቶችና አስፈጻሚዎቹ ምርጫ ተካሂዶ ሥልጣን እስኪተላለፍ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ምርጫው የጤናና የሳይንስ ተቋማት ወረርሽኙ የሕዝብ ጤና ሥጋት መሆኑ ማብቃቱን ገልጸው ተወካዮች ምክር ቤቱ ካረጋገጠ በኋላ ከ9 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይካሄዳል።

የሠራው

መስከረም 12 ቀን 2013 ተወካዮች ምክር ቤቱ አስፈላጊው ጥንቃቄ ተደርጎ ምርጫው እንዲካሄድ ወሰነ። ቦርዱ መጀመሪያ ግንቦት 28ን ቀጠረ፤ በኋላ ወደ ሰኔ 14 ተዛወረ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ድምፅ ሲሰጥ ከምክር ቤቱ ውሳኔ 9 ወር አልፎት ነበር፤ የጊዜ ገደቡ የታችኛው ጠርዝ ላይ ማለት ነው። በሶማሌና በሐረሪ ክልሎች እንዲሁም በሌሎች አንዳንድ የምርጫ ክልሎች የቀረው ድምፅ መስከረም 20 ቀን 2014፣ በአንድ ዓመቱ ጠርዝ አካባቢ ተሰጠ። መስከረም 24 አዲስ መንግሥት ተመሠረተ። በቁጥር የተገለጸ ገደብ መኖሩ ለምርጫ ቦርዱ ሥራ ጠቅሟል። ቦርዱ የመራጮች ምዝገባን፣ የዕጩዎች ምዝገባንና የድምፅ መስጫ ወረቀት ኅትመትን ከዚያ ገደብ ወደ ኋላ እየቆጠረ ማቀድ ቻለ።

የባለሙያዎቹ ውይይት በቀጥታ መተላለፉ ከሁሉ የሚበልጠው ጥሩ ነገር ነው። አንቀጽ 58፣ 60 እና 93 በሰነዱ ገጾች መካከል ተቀብረው የኖሩ ድንጋጌዎች ነበሩ። በእነዚያ ሦስት ቀናት አርሶ አደሩም፣ ተማሪውም፣ ነጋዴውም ሰማቸው። አንድ ሕገ መንግሥት የዜጎች የሚሆነው ሲጠቀስና ሲተነተን በጆሯቸው ሲሰሙት ነው። ተቃራኒ ሐሳብ ያቀረቡ ባለሙያዎችም መሰማታቸው ውይይቱን አክብሮታል።

ያልሠራው

የመጀመሪያው ድክመት ማን ወሰነ የሚለው ነው። ምርጫው ቢራዘም የሚጠቀሙት ተወካዮች ምክር ቤቱ፣ የክልል ምክር ቤቶችና አስፈጻሚው ናቸው። የጠየቀው ተወካዮች ምክር ቤቱ ነው። የወሰነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላቱ በክልል ምክር ቤቶች የሚላኩ ሲሆን የራሱም ዘመን 5 ዓመት ነው። በ2007ቱ ምርጫ 547ቱም መቀመጫ በገዥው ግንባርና በአጋሮቹ ተይዞ ስለነበር ጠያቂውና ወሳኙ ከአንድ ሠፈር የመጡ ነበሩ። ይህ የማንም ግለሰብ ጥፋት አይደለም። ትርጓሜን ለፍርድ ቤት ሳይሆን ለፖለቲካ ምክር ቤት የሚሰጥ አወቃቀር ከሥልጣን ዘመን ጋር በተያያዘ ጥያቄ ላይ ሲደርስ የሚገጥመው ነው። ለብሔሮችና ብሔረሰቦች የጋራ ቃል ኪዳን ጠባቂ ሆኖ የታሰበ ምክር ቤት የራሱን ዘመን ጉዳይ ሲዳኝ ግን የትኛውም ውሳኔ፣ ትክክለኛ እንኳ ቢሆን፣ ጥርጣሬ ይከተለዋል።

ሁለተኛው የጊዜው አቆጣጠር ነው። ከ9 ወር እስከ 1 ዓመት የሚለው ገደብ ግልጽ ነው፤ ግን መቁጠር የሚጀምረው መቼ ነው? የጤና ተቋማት ሥጋቱ ማብቃቱን ሲገልጹና ምክር ቤቱ ሲያረጋግጥ። እነዚህ ተቋማት በአስፈጻሚው ሥር ናቸው። አረጋጋጩም ዘመኑ የተራዘመለት ምክር ቤት ነው። መነሻው ካልታወቀ መድረሻው በቁጥር መገለጹ ብቻውን አያስተማምንም። ለጠቅላላው መራዘም የላይኛ ጣሪያ አልተበጀም። እንዲያውም ምርጫው ሲወሰን ወረርሽኙ አላበቃም ነበር፤ ስለዚህ የተቀመጠው መስፈርት በተግባር ላልቶ ተነበበ።

ሦስተኛው፣ ምናልባትም በብዛት ያልተወራለት፣ የሥልጣን ወሰን ነው። አንቀጽ 60 ምክር ቤቱ ከተበተነ በኋላ ያለው መንግሥት ምን ማድረግ እንደማይችል በዝርዝር ይናገራል። ይኸው ሰነድ ያለ ምርጫ ለሚቆይ መንግሥት ምን ዓይነት ልጓም እንደሚመርጥ አሳይቷል ማለት ነው። ትርጓሜው ዘመኑን ሲያራዝም ከዚህ ልጓም ቀለል ያለ እንኳ አላስቀመጠም። ሕግ የማውጣት ሥልጣን አስፈላጊ ቢሆንም ሌሎች ገደቦችን መደንገግ ይቻል ነበር፦ የምርጫ ሕግን ያለመለወጥ፣ የአስተዳደር ወሰንን ያለመንካት፣ ረጅም ዘመን ያላቸውን ሹመቶች ያለመስጠት።

አራተኛው ተቀባይነት ነው። የትግራይ ክልል ምክር ቤት ውሳኔውን አልተቀበለም። ዘመኑን በትርጓሜ ማራዘም ከአንቀጽ 9(3) ጋር ይጋጫል በሚል የራሱን ምርጫ ጳጉሜን 4 ቀን 2012 አካሄደ። የፌዴሬሽን ምክር ቤቱ አስቀድሞ ያ ምርጫ ሕገ መንግሥታዊ እንዳልሆነና ውጤትም እንደማይኖረው ወስኖ ነበር። ከመስከረም 2013 በኋላ ሁለቱ ወገኖች አንዱ የሌላውን ሕጋዊነት የማያውቁበት ደረጃ ላይ ደረሱ፤ በጥቅምት 2013 መጨረሻ ጦርነት ተጀመረ። የጦርነቱ መነሻዎች ብዙና ሥር የሰደዱ ስለሆኑ በአንድ አንቀጽ ላይ መጫን ትክክል አይሆንም። ይሁን እንጂ ሁለቱም ወገን «ሕጋዊው እኔ ነኝ» ለማለት አንድን ሰነድ ይዞ መቆሙ የዚያን ክፍተት ክብደት ያሳያል።

አምስተኛ፣ ትርጓሜ ጽሑፉን አይለውጥም። የአንቀጽ 58 ቃላት እንደነበሩ ናቸው። የሚቀጥለው አንባቢ አንቀጹን ሲከፍት የሚያገኘው ያንኑ ዝምታ ነው።

አንድ የሚቆጭ ነገር

የአገሪቱ ሕግ አውጪዎች ይህን የመሰለ ክፍተት ቀደም ሲል አይተው ያውቃሉ። አንቀጽ 103(5) የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ያዝዛል። ከ1987ቱ ቆጠራ በኋላ የሚቀጥለው ቆጠራ በወቅቱ ሊካሄድ ባለመቻሉ አንቀጹ ተሻሽሎ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ችግር ሲያጋጥም ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ ጊዜውን ሊያራዝሙ እንዲችሉ ተደረገ። ቆጠራውም በ1999 ተካሄደ። በ2011 አራተኛው ቆጠራ ሲራዘም የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በዚሁ መንገድ ወሰነ፤ አካሄዱ ላይ ክርክር ቢኖርም መንገዱ በጽሑፍ ነበረ። ለቆጠራ የተበጀው በር ለምርጫ ሊበጅ ይችል ነበር። አንዱን ቀነ ገደብ ሲጠግኑ ሌሎቹን ቀነ ገደቦች ሁሉ መፈተሽ ይገባ ነበር።

ሌሎች ይህን መገጣጠሚያ እንዴት ሠሩት

የሕንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 83(2) የታችኛውን ምክር ቤት ዘመን 5 ዓመት ያደርግና በአስቸኳይ ጊዜ ፓርላማው በሕግ በአንድ ጊዜ ከ1 ዓመት ላልበለጠ ሊያራዝመው እንደሚችል ይደነግጋል። አዋጁ ካበቃ በኋላ ግን መራዘሙ ከ6 ወር አያልፍም። የጀርመን መሠረታዊ ሕግ በአንቀጽ 115ሸ በመከላከያ ሁኔታ ውስጥ የሚያልቅ የምክር ቤት ዘመን ሁኔታው ካበቃ ከ6 ወር በኋላ እንደሚያበቃ ይናገራል፤ ይህ የሚሠራው ለጦርነት ሁኔታ ብቻ ነው። የካናዳ የመብቶች ቻርተር አንቀጽ 4(2) በጦርነት፣ በወረራ ወይም በአመፅ ጊዜ የምክር ቤቱን ዘመን ማራዘም ይፈቅዳል፤ ከአባላቱ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ከተቃወሙ ግን አይቻልም። ማለትም መራዘሙን ለማገድ አናሳው ወገን ይበቃል።

የሕንድ ተሞክሮ ማስጠንቀቂያም አለው። እ.ኤ.አ. በ1971 የተመረጠው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1976 ዘመኑ የተራዘመው በዚሁ አንቀጽ ነው፤ አስቸኳይ ጊዜው ራሱ ግን እጅግ አከራካሪ ነበር። የማራዘሚያው አንቀጽ የሚጠብቀው፣ አስቸኳይ ጊዜን የሚያውጀው እጅ ራሱ በቂ ልጓም ሲኖረው ብቻ ነው።

ለሌላ ረቂቅ የሚወሰዱ ነጥቦች

ሕገ መንግሥት የሚያረቅ፣ የሚያሻሽል ወይም የክልል ሕገ መንግሥትና የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ የሚጽፍ ሰው ከዚህ ጉዳይ ሊወስድ የሚችለው ተግባራዊ ሥራ አለ።

በጽሑፉ ውስጥ ያሉትን ቀነ ገደቦች በሙሉ በአንድ ወረቀት ላይ ማውጣት፦ የምክር ቤት ዘመን፣ የምርጫ ጊዜ፣ የበጀት ዓመት፣ የቆጠራ ጊዜ፣ የአዋጅ ማደሻ ጊዜ፣ የሹመት ዘመን። ከዚያ በእያንዳንዱ ፊት «ቀኑ ሳይፈጸም ቢያልፍስ?» ብሎ መጠየቅ። መልሱን ከራሱ ከአንቀጹ ማግኘት ካልተቻለ እዚያው መጻፍ ያስፈልጋል።

የአስቸኳይ ጊዜ አንቀጹን ይዞ ከሥልጣን ዘመን አንቀጾች ጋር አንድ በአንድ ማናበብ። ማጣቀሻው በሁለቱም ቦታ መኖር አለበት፤ በአንዱ ብቻ ከሆነ አንዱን ብቻ የሚያነብ ሰው ያመልጠዋል።

የማራዘሚያ ድንጋጌ ሲጻፍ ቢያንስ አምስት ነገሮችን መያዝ ይኖርበታል። ምክንያቱ ምንድን ነው፣ በተዘጋ ዝርዝር። ማን ይጠይቃል፤ ቢቻል ከዘመኑ የማይጠቀም አካል፣ ለምሳሌ ምርጫ ቦርዱ። ማን ያጸድቃል፣ በምን ያህል ድምፅ፤ አናሳው ወገን የማገድ አቅም እንዲኖረው። እስከ መቼ፣ ከተወሰነ ቀን በሚቆጠር የላይኛ ጣሪያ፤ በሁኔታ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ገደብ ገደብ አይሆንም። በመጨረሻም በተራዘመው ዘመን ምን ማድረግ ይከለከላል። በ2012ቱ ውሳኔ ውስጥ የመጀመሪያው በግልጽ፣ አራተኛው በከፊል ነበሩ። የአምስተኛው አለመኖር ነው ይበልጥ የጎዳው።

ከመሻሻልና ከትርጓሜ አንዱን ለመምረጥ የሚያስገድድ ሁኔታ ሲመጣ ጊዜው ዋናው ነገር ነው። መጋቢት 22 ምርጫው እንደማይካሄድ ከታወቀ በኋላ ዘመኑ እስኪያልቅ ከ6 ወር በላይ ቀርቶ ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ በአንቀጽ 105(2) መሠረት አጭር፣ ገደብ ያለው ማሻሻያ ማርቀቅ ይቻል ነበር። ትርጓሜው በአንድ ወር ገደማ ተጠናቀቀ፤ ፈጣን ነበር። ማሻሻያው ረጅም ይሆን ነበር፣ ግን 6 ክልሎችን ስለሚፈልግ ክርክሩ ከፌዴራል አዳራሽ ወጥቶ ወደ ክልል ምክር ቤቶች ይወርድ ነበር፤ አለመግባባቱም ድምፅ የሚሰጥበት ቦታ ያገኝ ነበር።

በአንቀጽ 58(3) ላይ ተጨምሮ ሊጻፍ የሚችለው ድንጋጌ ከስድስት መስመር አይበልጥም። ቢጻፍ አንቀጽ 93ን በስም ይጠቅሳል፣ ጣሪያውን በወራት ያስቀምጣል፣ የአንቀጽ 60ን ገደቦች ከሚያስፈልገው ማስተካከያ ጋር ይስባል። ለማጽደቅ የሚያስፈልገው ሥርዓት አሁንም በአንቀጽ 104 እና 105 ተጽፎ አለ፤ ለመጀመርም የየትኛውም ወረርሽኝ መምጣት አያስፈልግም።